በጥቁር ሰሌዳ ፊት የነገርኩት መርዶ

"ቲቸር" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ከዚህች ደስታ ነው የተነሳው።

አስተማሪ አይደለሁም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፈተናው ላይ ወድቄ፣ አሰላ እናቴ ቤት ቁጭ ያልኩ ልጅ ነበርኩ። መቀመጥ ደግሞ አይሆንልኝም። ጠዋት ከእናቴ ጋር እጣላለሁ፣ ከሰዓት ከተከራዮች ጋር በውኃ እጣላለሁ፣ የሚቀረኝን ሰዓት መንገድ ላይ ወጥቼ ስዞር እውላለሁ። አንድ ቀን የድሮ የሥነ ዜጋ አስተማሪዬ መንገድ ላይ አገኙኝና "ይሄ አፍሽ ያለ ሥራ እየዋለ ነው አይደል?" አሉኝ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። አርሲ ውስጥ ስንት ዓመት ኖረው ብርዱን አልለመዱትም፤ ሁለት ሹራብ ላይ ኮት ይደርባሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰብስበው ያከራክራሉ። እኔም ተማሪ እያለሁ አንድም ሐሙስ ቀርቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት ውስጥ ሃይማኖት ማስተማር ክልክል ነው፣ እሳቸውም ሃይማኖት አያስተምሩም። ስለ ሃይማኖት ማሰብን ነው የሚያስተምሩት። ነገ የማደርገውን አምላክ ዛሬ የሚያውቅ ከሆነ፣ እኔ ምኑን መረጥኩት? ዓለም ጀማሪ ያስፈልጋታል ካልን፣ ለጀማሪው ጀማሪ ለምን አላስፈለገም? እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ላይ ይጽፉና ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። እኛ እንባላለን። እኔ ያኔ ሌላ ትምህርት ሁሉ ይሰለቸኝ ነበር፤ ይሄ ብቻ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነበር።

ታዲያ "ነይና አግዢኝ" አሉኝ። ሄድኩ። ለጥቂት ሳምንት አጠገባቸው ቆሜ ተማሪዎቹን በቡድን ስከፋፍል፣ የተናገሩትን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ቆየሁ። ከዚያ እሳቸው ለስልጠና አዳማ ተጠሩና የላብራቶሪውን ቁልፍ ሰጡኝ።

"የዚህ ሐሙስ ጥያቄ የመከራ ጥያቄ ነው" አሉኝ። "ደግም ሁሉን ቻይም አምላክ ካለ፣ ይሄ ሁሉ ስቃይ ለምን? ከባድ ነው፣ በጥንቃቄ ያዢው። ምሳሌ ከሰው ቤት እንዳታመጪ።"

"እሺ።"

"እሺ አትበይኝ። ለምን በይኝ።"

"ለምን?"

"እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ትናንት ቤቱ ምን እንደነበር አታውቂም። ስለዚህ ጥጃ በይ። ማንም ሰው ያላየው ጥጃ፣ ማንም የማያውቀው ገደል ገብቶ፣ ሦስት ቀን ሲሰቃይ ቆይቶ ሞተ። ለማን ምን ጠቀመ? ይሄ ይበቃሻል።"

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥጃው ደባሪ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

አሁን ስለ ተከራያችን ልናገር። እናቴ ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ከገጠር መጥተው ለሚማሩ ልጆች ታከራያለች። አንደኛዋ ከበቆጂ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዝምተኛ ናት። እኔ አስር ስናገር እሷ አንድ ትላለች፣ ያቺ አንዷ ግን ታሸንፈኛለች። ሐሙስ ሐሙስም ትመጣ ነበር፤ ኋላ ተቀምጣ ታዳምጣለች እንጂ አትናገርም። እጇ ላይ ሁልጊዜ ኪሮሽና ክር አይጠፋም። ናዝሬት የፎቅ ሥራ ላይ ለሚሠራ ወንድሟ አረንጓዴና ነጭ የክር ኮፍያ ሠርታለት ነበር፣ ጆሮ ድረስ የሚሸፍን። ናዝሬት ሙቀት ነው፣ ምን ያደርግለታል ብዬ ስቄባታለሁ። "ጠዋት ፎቅ ላይ ነፋስ አለ ብሏል" አለችኝ። በቃ።

ማክሰኞ ጠዋት የእናቴ ስልክ ጠራ። ከበቆጂ ነው። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ኩሽና ገባች፣ ተከትያት ገባሁ። ሰኞ ከሰዓት ወንድምየው የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰብሮ ከአራተኛ ፎቅ ወድቋል። ሬሳውን ወደ ወላጆቹ እየወሰዱት ነው። የደወሉት ዘመዶቿ ለእናቴ አደራ አሏት፦ ልጅቷ እንዳትሰማ። አባትየው ራሱን ስቶ ሐኪም ቤት ነው፣ ዘመድ ገና አልተሰበሰበም፣ እሷም አርብ የሒሳብ ፈተና አለባት። ፈተናውን ትፈተን፤ ቅዳሜ ማለዳ ሁሩታ የሚኖረው አጎቷ ከሁለት አክስቶቿ ጋር መጥቶ ያረዳታል።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰው አፉን ሳያሟሽ፣ የገዛ ዘመዱ በር አንኳኩቶ ይገባል። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይቀመጣል። ስትወድቅ የሚይዛት፣ ደረቷን ስትመታ እጇን የሚይዝላት ሰው ሳይኖር ማንም አፉን አይከፍትም። እናቴ ከእድሩ ሴቶች ጋር ስንት ጊዜ አብራ ሄዳለች።

"ለአንቺ የነገርኩሽ ግቢው ውስጥ ስላለሽ ነው" አለችኝ። "አፍሽን ትዘጊያለሽ።"

"ምን ሆነሻል እማዬ? ልጅ ነኝ እንዴ?"

"ልጅ ብትሆኚማ አልፈራም ነበር።"

የልጅቷን ስልክም ወሰደችባት። አንዱ ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" ብሎ ፎቶውን ቢለጥፍስ? "የኔ ተበላሸብኝ፣ ትልቋ ልጄ ከአረብ አገር ትደውልልኛለች፤ እስከ ቅዳሜ ሲሜን ያንቺ ውስጥ ላድርገው" አለቻት። ልጅቷ ሲሟን አውጥታ ስልኩን በሁለት እጇ ሰጠች። "ኧረ ምን ችግር አለው እትዬ" አለች።

ረቡዕ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ኪሮሿን ስታንቀሳቅስ አገኘኋት። ጓንት ጀምራለች፣ ያው አረንጓዴና ነጭ። "ከኮፍያው ጋር እንዲሄድለት" አለችኝ። ቤት ገባሁና ነገ የማስተምረውን ደብተሬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በዚያች ሰዓት ያዘንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ስለ መከራ ለማስተማር ጥሩ ሳምንት ላይ እንደደረስኩ ነበር የተሰማኝ። እንዲህ ብዬ መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እንዲያ ነበር።

ሐሙስ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች መጡ። ስገባ አንዱ ከኋላ "ባርሲስቱ ሃራ!" ብሎ ጮኸ፤ በኦሮምኛ አዲሷ አስተማሪ ማለቱ ነው፣ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ደስ አለኝ። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ጥጃዬን አመጣሁ።

"ቲቸር፣ ጥጃው የማን ነው?" አለ አንዱ።

"የማንም አይደለም። ማንም አላየውም።"

"ማንም ካላየው መሞቱን በምን አወቅን?"

"ምሳሌ ነው እኮ!"

"ጅብስ አላየውም?" አለ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ የሆነው ልጅ። ይሄ ልጅ አፍ አለው፣ ከኔ አያንስም። "ቲቸር፣ ጥጃው ሞተ፣ ጅቡ በላ፣ የጅቡ ልጆች አደጉ። ጅብም ፍጥረት ነው። አንቺ በጥጃው በኩል ሆነሽ ስላየሽው ነው ክፉ የሆነብሽ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሻርፗን ያጣፋች፣ ከፊት የምትቀመጥ ልጅ "ጅቡም ቢስሚላህ ብሎ ነው የበላው!" አለች፤ ሳቁ ባሰ። ልጁ ተነስቶ ለጭብጨባ ጎንበስ አለ። "ሁሉም መከራ ውስጥ የማናየው ጥቅም አለ" አለና ተቀመጠ።

መልስ ነበረኝ። "የማናየው ጥቅም ካልን ምንም ነገር ክፉ ነው ማለት አንችልም" ልለው እችል ነበር፤ አስተማሪዬ ቢሆኑ እንዲያ ይሉ ነበር። እኔ ግን ሳቁ ፊቴ ላይ ነበር። መሸነፍ አልወድም። ጠመኔውን ወረወርኩት።

"እሺ፣ ጥጃውን ተወው" አልኩ። "አንድ ልጅ አለ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ናዝሬት ፎቅ ላይ ይሠራል። ሰው አልበደለም። የቆመበት እንጨት ተሰበረና ከአራተኛ ፎቅ ወደቀ። እስኪ የጅቡን ልጆች አሁን አምጣልኝ።"

ዝም አሉ። ዝምታው ጣፈጠኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ልጁ አንገቱን አቀርቅሯል። ማቆም ነበረብኝ። ክርክሩን አሸንፌያለሁ፣ የጨመርኩት ነገር ለክርክሩ አያስፈልግም ነበር። እንዲሰማቸው ፈልጌ ነው።

"እህቱ የሠራችለትን የክር ኮፍያ እንዳደረገ ነው የወደቀው" አልኩ።

ይሄ ኩሽና ውስጥ እናቴ በስልክ የሰማችው ነው። "ኮፍያዋን እንዳደረገ" ብላ ነው መጀመሪያ እንባዋ የመጣው።

ተከራያችን ከኋላ ወንበር ስትነሳ ሰማሁ። እዚያ እንደተቀመጠች ረስቼ ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም። ውስጤ ያውቅ ነበር። ስሙን አልጠራሁም፣ ስለዚህ አልተናገርኩም ብዬ ነበር።

"ኮፍያው ምን ዓይነት ነው ቲቸር?" አለች።

ያን ሁሉ ሐሙስ መጥታ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

"ምሳሌ ነው" አልኳት።

"ቀለሙ።"

"ምሳሌ ነው አልኩሽ። ቁጭ በይ።"

ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ ማስተማሬን ቀጠልኩ። አስር ደቂቃ ያህል። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አስምሬ በአንዱ "ሰው ያመጣው መከራ"፣ በሌላው "ሰው ያላመጣው መከራ" ብዬ ጻፍኩ፣ ልጆቹ ገለበጡ። የተሰበረ እንጨት በየትኛው እንደሚገባ ጠየቅኋቸው። እጅ አወጡ። ፊቴን ወደሷ አላዞርኩም።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ወደ ቤት አንድ ላይ ነው የምንሄደው፣ ሌላ መንገድ የለም።

"የኔ ወንድም ነው?"

"አንቺ ደግሞ! ናዝሬት ስንት ሰው አለ?" አልኩ። ሳቅም አልኩ፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

"ስልክሽን ስጪኝ። ልደውልለት።"

"ባትሪ ጨርሷል።"

ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሙሉ ባትሪ። እሷም ያወቀች መሰለኝ። መንገድ ተሻግራ አንድ ሱቅ ገባችና ባለሱቁን ስልክ ጠየቀችው። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። እኔ መንገዱ ማዶ ቆሜያለሁ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆየች። ምን እየሰማች እንደሆነ ገባኝ፤ ያቺ ሁላችንም የምናውቃት ሴት፣ የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም የምትለው። ልጅቷ ለሴትዮዋ መልስ የምትሰጥ ይመስል ራሷን ነቀነቀች። ስልኩን መለሰች። ባለሱቁን አመሰገነች። ከዚያ እኔን ትታ ሄደች፣ አትሮጥም፣ ግን ልደርስባት አልቻልኩም።

ግቢ ስገባ ልጅቷ እናቴ ፊት ቆማለች። እናቴ እጇ ላይ ያለውን ሽንኩርት ይዛ፣ እኔን አሻግራ አየችኝ። አንድ ጊዜ ነው ያየችኝ። ሁሉም ነገር ገባት።

"ልጄ፣ ነይ ግቢ እስኪ፣ ቁጭ በይ" አለቻት።

"እትዬ፣ ስልኬን ስጡኝ።"

እናቴ ልትዋሽ ሞከረች። አልቻለችም። ሽንኩርቱን ጥላ ይዛት መሬት ላይ አብራት ተቀመጠች። የልጅቷ ጩኸት ጎረቤቱን አወጣው፤ አጥር ተሻግረው ሴቶች መጡ፣ አንዷ የሊጥ እጇን እንኳ አልታጠበችም። ያዟት። ግን አንዳቸውም ወንድሟን አያውቁትም። ሰው ሲያለቅስ የሟቹን ነገር እያነሳ የሚያለቅስለት ይፈልጋል፤ ልጅነቱን፣ አረማመዱን፣ ቀልዱን። እነዚህ ሴቶች ምን ያንሱ? "ወይኔ ልጄ፣ ወይኔ ልጄ" ይላሉ። ብቻዋን ነበር ስሙን የምትጠራው።

አጎቷ እናቴ ደውላለት ያንኑ ቀን ሚኒባስ ተኮናትሮ መጣ። ረጅም ሰውዬ ነው፣ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል። በር ላይ ቆሞ ልጅቷን አያት። "ማን ነገራት?" አለ።

እናቴ "ጓደኛዋ ስልክ ላይ አይታ ነው መሰለኝ ወንድሜ። የዘንድሮ ስልክ ምን ይደበቅበታል?" አለች።

እናቴ ውሸታም አይደለችም። ለኔ ስትል ነው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ ያ ሁሉ ወሬ የሚፈስበት አፌ ተዘግቶ ቀረ። ዝጊው የተባለ ጊዜ ከፈትኩት፣ መከፈት ሲኖርበት ዘጋሁት። አጎትየው ራሱን ነቅንቆ "ምን ይደረግ" አለ። ሁለት ቀን ሲያስብበት የነበረውን ቃል፣ እንዴት እንደሚጀምር፣ ማን በየት እንደሚቀመጥ፣ ይዞት መጥቶ ይዞት ተመለሰ።

አስተማሪዬ ከአዳማ ሲመለሱ ሄጄ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። "ጥጃው አልበቃሽም?" አሉኝ።

"ሳቁብኝ።"

"ይሳቁ ነበራ።"

ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ውሰጂው አላሉኝም። አንድ ነገር ግን ጠየቅኋቸው፣ ስላልተወኝ። "ክርክሩ ግን ትክክል ነበር አይደል?" አልኳቸው። አየት አደረጉኝና "ትክክል ነበር" አሉ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ ለምን እንደሞተ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ያነሳሁት ጥያቄ ዛሬም እንደቆመ ነው። ብሳሳት ይሻለኝ ነበር። ትክክል የሆነ ነገር ይዤ ነው ሰው ያቆሰልኩት።

ልጅቷ ከለቅሶ ስትመለስ ሌላ ግቢ ተከራየች። ዕቃዋን ልትወስድ የመጣችው እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

ከሳምንታት በኋላ፣ የአርባው ተዝካር ካለፈ ወዲህ፣ አንድ ጠዋት ለእናቴ ሳልነግር የበቆጂ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከወረዳው ከተማ ወዲያ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር ነው። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ምን ልል እንደምሄድ አላውቅም ነበር። አጎትየውን አልነበረም የፈለግኩት። እናቲቱን ነው። ልጇን ቅዳሜ ማለዳ ዘመዶቿ አቅፈው እንዲያመጡላት በር በሩን ስታይ የነበረችው እሷ ናት።

ቤት ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት፣ ምንጣፍ ላይ፣ ጥቁር ለብሳ። የአሰላዋ አከራይ ልጅ ነኝ ስላት ልትነሳልኝ ሞከረች፣ ከለከልኳት። ውኃ ልታመጣልኝ አለች፣ ከለከልኳት። ከዚያ በላይ ደግነቷን መቻል ስላቃተኝ ሳልቀመጥ ተናገርኩት።

"እናቴ ስልክ ላይ አየች ያለችው ውሸት ነው እማማ። እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ሳስተምር ተናገርኩት። ምሳሌ አድርጌ።"

ምን ምሳሌ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ለምንም አላለችኝም። ከምንጣፉ ላይ ጭድ ለቀመች።

"ስትሰማ ማን ያዛት?" አለች።

"እናቴ" ማለት እችል ነበር። ሐሰት አይደለም፤ እናቴ ይዛታለች፣ ሽንኩርቷን ጥላ። መንገዱን ሁሉ አፌ ላይ የነበረው እሱ ነው። ግን መጀመሪያ የሰማችው እዚያ አልነበረም፣ እናቲቱም የጠየቀችኝ ስለ መጀመሪያው ነው።

"ማንም" አልኩ።

"ቆማ ነው?"

"ቆማ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቁጭ በይ አልኳት። ቁጭ አለች።"

"ምን ላይ?"

"ላብራቶሪ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ላይ። ክብ ናቸው። ጀርባ የላቸውም።"

"ጀርባ የሌለው" አለች። ሁለተኛ ደገመችው፣ ለራሷ። ከዚያ አንድ እጇን አነሳችና ማንም የሌለበት ቦታ ላይ፣ ከጎኗ፣ የተቀመጠ ሰው ወገብ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ዘርግታ ያዘችው። እኔ ቆሜ አየሁ። እጇን ለረጅም ጊዜ አላወረደችውም።